ሽምብራና ስምንተኛው ሺ

ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ፣ ከሰበታ ፋብሪካዎች በኩል ጭስ ተነሳ። የመስከረም መጨረሻ ነበር። አባቴ በሬዎቹን ሊያወጣ ሲል ጭሱን አየና ቀንበሩን መልሶ ግድግዳው ላይ አስደገፈው። ተቃዋሚዎች መንገዱን በድንጋይ ስለዘጉት እኔም ወደ ዩኒቨርሲቲ አልተመለስኩም። ልብስ አጠብኩ። ምንም አልተሰማኝም።

የማሳችን ጥቁር አፈር ውሃው ሸሽቶለት ሽምብራ የሚዘራበት ጊዜ ነበር። ትንሽ ከዘገየ እርጥበቱ ያመልጣል፤ የዓመቱ ቀለባችንም አብሮት።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን አጥሩ ጋ ቆሞ፣ "አካም፣ ኦቦ! ለማን ልትዘራ ነው? ለኢንቨስተሩ?" አለ። "መሬታችንን ለአዲስ አበባ የሚሰጠው ማስተር ፕላን ቀርቷል ቢሉም እኔ አላምንም።"

"ስምንተኛው ሺ ገብቷል፤ ምን ይዘራል!" አለ አባቴ። ወደ እኔ ዞረ። "አንቺ የምትማሪው እሱን አይደል? መቼ ነው የሚያልቀው?"

የታሪክ ትምህርት መመረቂያ ጽሑፌ ስለ ምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ ማብራራቱ አሳፍሮኝ "ስለ ስምንተኛው ሺ" ብዬ ነበር። ሰፈሩ የምጽአትን ቀን የማጠና ይመስለዋል።

"ቀኑን አላውቅም፣ አባባ" አልኩ። "የጥንት የአውሮፓ ሰዎች የመጀመሪያው ሺ ዓመት ሲሞላ ዓለም ያልፋል ብለው ፈርተው ነበር ይባላል። የድሮዎቹ ታሪክ ጸሐፊዎች 'ገበሬው እርሻውን ትቶ ነበር' አሉ። ቀጥለው የመጡት ሰነድ አገላብጠው 'ውሸት ነው፣ ሰው መሬት ሲሸጥ ሲለውጥ ነበር፤ ፍርሃቱ ተረት ነው' አሉ።"

"እንደኛ ካድሬዎች ቃላቸውን ይለዋውጣሉ በይኛ!" ጎረቤታችን ሳቀ።

"የቅርቦቹ ደግሞ ፍርሃቱም ነበረ፣ ሥራውም ነበረ ይላሉ። ሰው እየፈራም ይዘራል።"

አባቴ ቀና አለ። "የዘሩትን አጨዱ?"

"በሚቀጥለውም ዓመት ግብር ከፍለዋል፣ አባባ። ሳያጭዱ ከምን ይከፍላሉ?"

"ግብሩስ መች ይቀራል!" አለ ጎረቤታችን። አባቴ አልሳቀም፤ እዘራለሁም አላለም። ገብቶ ተኛ።

በማግስቱ ጠዋት ሳልጠይቀው የዘሩን ከረጢት አዝዬ ወደ ማሳው ወረድኩ። ጭሱ አልጠፋም ነበር። ደስታም ፍርሃትም አልነበረኝም፤ ከረጢቱ ብቻ ጀርባዬን ቆረቆረኝ። ድንበሩ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ፀሐይ ከወጣች በኋላ አባቴ በሬዎቹን እየነዳ መጣ። ቀንበሩን ጫነባቸው። የከረጢቱን አፍ ፈትቼ ያዝኩለት።