ያደረው ውሃ

ሰፈሩ «ብልቃጤ» ነው የሚለው። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ከቤት ቤት እየዞረ የቧንቧ ውሃ በትንንሽ ጠርሙስ ቀድቶ ለምርመራ የሚወስድ ሰው ሌላ ምን ስም ይወጣለታል? ሥራውን ግን ያከብራል። የቧንቧውን አፍ በአልኮል ይጠርጋል፣ በእሳት ይለበልባል፣ ከዚያ ውሃው እጁን እስኪያቀዘቅዘው ድረስ አምስት ደቂቃ ያፈሰዋል። ጀርም የሚፈለገው እንደዚያ ነው። ቸኩሎ የቀዳበት ቀን የለም።

ጭንቁ የመጣው ከሴት ልጁ ቤት ነው። የምትኖረው አሮጌ ፎቅ ላይ ነው፤ የስድስት ወር እርጉዝ ናት። የመጀመሪያ ልጇ፣ የብልቃጤ ብቸኛ የልጅ ልጅ፣ በሁለት ዓመቱ አፉን ፈትቶ «ወፍ»፣ «ጫማ»፣ «አያቴ» ይል ነበር። ከዚያ ቃላቱ አንድ በአንድ የውሃ ሽታ ሆኑ። መጀመሪያ ወፏ ጠፋች፣ ቀጥሎ ጫማው። አሁን ሆዱን ይዞ ጥግ ይቀመጥና አያቱ ሲገባ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፤ ድምፅ ግን የለም።

ሐኪሙ «አንዳንድ ልጅ ይዘገያል» ብሎ ሸኛቸው። ብልቃጤ ግን ሆዱ አልቆረጠም። ውሃውን ሦስት ጊዜ ቀድቶ፣ ከጀርም ሌላ ብረታ ብረትም እንዲታይለት ለምኖ አስመረመረ። ሦስቴም ንጹህ። ሴት ልጁ «ባይሆን ውሃችን አባቴ የመሰከረለት ነው» እያለች ለሕፃኑ አብዝታ አጠጣችው።

ለአራተኛ ጊዜ መጥቶ ውሃውን ሲያፈስ እሷ ወገቧን ይዛ ቆመች።

«አባዬ፣ አንተ ስትመጣ ወጥ ቤቴ ወንዝ ይሆናል። እኛ እንዲህ አንደፋም እኮ! ጠዋት ገና ስከፍተው የመጣውን ነው ማንቆርቆሪያ የምሞላው።»

«ገና ስትከፍቺው?»

«ታዲያ ማንን ልጠብቅ? ባሌን? እሱ እስኪነሳ ውሃውም ያረጃል።»

ቧንቧውን ዘጋው። ሌሊቱን ሙሉ በአሮጌው ቧንቧ ውስጥ ተኝቶ ብረቱን ሲልስ ያደረውን ውሃ ለካ በአምስቱ ደቂቃ እያፈሰሰ ሲደፋው ኖሯል። ጠርሙሱ ውስጥ ሲገባ የከረመው ይህ ቤት ጠጥቶት የማያውቀው ውሃ ነው።

በማግስቱ ማንም ቧንቧ ሳይነካ ደረሰ። አልጠረገም፣ አላፈሰሰም፤ የመጀመሪያውን ውሃ ቀዳ። ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ ቢያደርገው ኩልል ያለ ነው፤ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። ሳያረጋግጥ እርጉዝ ልጁን ማስደንገጥ አልፈለገም። ዘወር ሲል ሕፃኑ በባዶ እግሩ ቆሞ፣ ጆሮውን ግድግዳውን ይዞ በሚወጣው ቧንቧ ላይ ለጥፎ ያዳምጣል። ብልቃጤም ሳያስበው ትንፋሹን ዋጠ። የተሰማ ነገር የለም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት የላቦራቶሪዋ ልጅ ደወለች።

«ጋሼ፣ ይኼን ከየት ነው የቀዱት? ከባትሪ መጠገኛ?»

«ከሰው ቤት።»

«እርሳስ ነው። በጣም ብዙ። ይጠጡታል እንዴ?»

እየሮጠ ሲደርስ ሴት ልጁ ምድጃው አጠገብ ናት።

«እርሳስ አለበት!»

«እርሳስ?» ሳቀች። «የሚጻፍበት? ማን ጨመረው ደግሞ?»

«ብረቱን ነው የምልሽ! ከቧንቧው እየሟሟ የሚወጣው።»

«እኔ እኮ አፍልቼ ነው የማጠጣው፤ ለሱማ ሁለቴ ነው የማፈላው።»

«ማፍላት ጀርም ይገድላል። እርሳስ ነፍስ የለውም፣ ምኑ ይሞታል? ውሃው ይተናል፣ እሱ ይቀራል።»

ሳቋ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። እጇ ወደ ሆዷ ሄደ። «አባዬ… ንጹህ ነው ያልከኝ አንተ አይደለህ?»

ማንቆርቆሪያውን ደፋ፣ ባሏን ቀስቅሶ ሦስቱንም ለደም ምርመራ ወደ ሆስፒታል ላካቸው። እሱ ደረጃው ላይ ቀረ። ከላይም ከታችም ቧንቧዎች ይከፈታሉ። በሁሉም በር ባለፉት ዓመታት አልፏል፤ ለሁሉም በገዛ እጁ «ንጹህ» ብሎ ጽፏል።

ቅርቡን በር አንኳኳ።

«መጣሁ!» አለ ከውስጥ የሴት ድምፅ። «ለልጆቹ ውሃ እየቀዳሁ ነው፣ አንዴ!»