መርማሪዋና የአራተኛው ፎቅ ወንበር

ልብስ ሰፊው አባቷ «መርማሪዋ» ይላታል፤ ስሙም ቤት ውስጥ ጸንቶ ቀርቷል። ወተት ሳታሸት አትጠጣም። የማታውቀው ሰው ከልክ በላይ ከሣቀላት ቦርሳዋን ወደ ደረቷ ሳብ ታደርጋለች። ስለዚህ ለልምምድ ያመለከተችበት የዲዛይን ቢሮ ሥራዎቿን እንኳ ሳያይ «ተቀብለንሻል» ሲላት፣ ከደስታው ጥርጣሬው ቀድሞ ደረሰ።

የሥነ ሕንፃ ተማሪ ናት፤ ሦስተኛ ዓመቷን ልትጨርስ ሁለት ሳምንት ቀርቷታል። ሁሉም «ኢንጂነር» የሚሉት የቢሮው ባለቤት አራተኛ ፎቅ በር ላይ ቆሞ ተቀበላት።

«ሦስት ወር ትለማመጃለሽ። ደሞዝ የለም፤ ልምዱ ግን በገንዘብ አይገኝም። እዚህ ሁላችንም አንድ ቤተሰብ ነን።»

ቤተሰቡን በዓይኗ ፈለገች። ስድስት ጠረጴዛ አለ። አንዱ ጥግ ላይ መነጽሯ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ የወረደ አንጋፋ ንድፍ ሠሪ ተቀምጣለች፤ ቀና ብላም አላየቻት። አራቱ ላይ ተማሪዎች አጎንብሰዋል። ለሷ በታሰበው ባዶ ጠረጴዛ መሳቢያ ላይ ያምናው የትምህርት ፕሮግራም ተለጥፏል፤ የራሷ ኮሌጅ፣ የራሷ ክፍል። ቢሮውን የሚያቆሙት ያለ ደሞዝ የሚሠሩ ተማሪዎች ናቸው ማለት ነው?

«እስከ ሐሙስ ላስብበት» አለች።

«ይሄ ደግሞ ምን የሚያሳስብ ነገር አለው?» ብሎ ሣቀ። ሣቁ ረዘመባት።

ቤት ስትደርስ አባቷ ስፌት መኪናው ላይ ነበር። «እኔስ ሙያ የለመድኩት በነጻ አይደለም እንዴ? ሁለት ዓመት ሙሉ የአለቃዬ ሸሚዝ ላይ ቁልፍ ስተክል!»

«ምሳህን ማን ይችልህ ነበር፣ አባዬ?»

«እሱ ነዋ።»

«ማደሪያህንስ?»

«እሱ...» መኪናውን አቆመ። «ቆይ፣ እነዚህ የትራንስፖርት እንኳ አይሰጡሽም?»

እናቷ ከጓዳ ጮኸች። «እሷ መቼ ሰው አምና ታውቃለች? ዕድል በሯን ቢያንኳኳ መታወቂያ አምጣ ትለዋለች!»

በማግስቱ የዚያን ፕሮግራም ባለቤት ስታፈላልግ ዋለች። በመጨረሻ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አገኘችው፤ ጓደኞቹ «ረጅሙ» የሚሉት ያራተኛ ዓመት ተማሪ ነው።

«እዚያ ቤት አንድ ክሊኒክ ከነደረጃው ነድፌያለሁ» አላት። «የነዳፊው ስም የሚጻፍበት ቦታ ላይ ግን የኢንጂነሩ ስም ነው ያለው። የሠራሁበትን ደብዳቤ ስጠይቀው ነገ ና፣ ነገ ና እያለ ይኸው ዓመት ሞላው።»

«አትግቢ እያልከኝ ነዋ።»

ረጅሙ ጭንቅላቱን አከከ። «እሱንስ አላልኩም። ያቺ መነጽራሟ ሴትዮ በሦስት ወር ያሳየችኝን እዚህ በሦስት ዓመት አላየሁትም።»

ያናደዳት ይኼ ነው። ነገሩ ጭራሽ ክፉ ቢሆን ኖሮ ትታው ትገላገል ነበር። ረጅሙን ራሱን ጠረጠረችው፤ ወንበሩን ለሌላ ሰው ፈልጎት ቢሆንስ?

ሐሙስ አንድ ወረቀት ይዛ ሄደች። በሳምንት ሦስት ቀን እንደምትመጣ፣ ከአንጋፋዋ ሥር እንደምትሠራ፣ በነደፈችው ላይ ስሟ እንደሚሰፍር፣ የመጨረሻው ቀን ደብዳቤዋ እንደሚሰጣት ጽፋበታለች። የኢንጂነሩ ፊት ጠቆረ።

«አታምኚኝም ማለት ነው?»

«ገና አላውቅዎትም፣ ኢንጂነር።»

«ለዚህ ወንበር ስንት ተማሪ እንደሚለምነኝ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም። ግን ባዶ ነው።»

ወረቀቷን ልታነሳ እጇን ስትዘረጋ ከጥጉ ድምፅ መጣ።

«ይፈርሙላት» አለች አንጋፋዋ፣ አሁንም ቀና ሳትል። «በየሦስት ወሩ ከሀ መጀመር ሰልችቶኛል። የምትጠይቅ ልጅ ትምጣልኝ። ካልሆነ የጀመርኩትን የሆስፒታል ንድፍ እርስዎ ይጨርሱት።»

ኢንጂነሩ ፈረመ። መርማሪዋ ፊርማውን ግድግዳው ላይ በተሰቀለው የሙያ ፈቃዱ ላይ ካለው ፊርማ ጋር አስተያየችው፤ ያው ነው።

መፈረሙ ግን አላሳረፋትም። የነደፈችውን ሁሉ በስልኳ ፎቶ ታነሳ ነበር። የአንጋፋዋን ደግነት ሳይቀር «ምን ፈልጋ ይሆን?» እያለች ስትመዝን ከረመች፤ ሴትዮዋ ግን የአንድ ደረጃ ንድፍ አሥራ አንድ ጊዜ ስታስደግማት ደግነቱ ብዙም እንዳልሆነ ገባት። በሁለተኛው ወር ኢንጂነሩ «እሁድም ብቅ በይ» ሲላት ወረቀቷን ከቦርሳዋ አወጣች። እሱም ድንገት ስልክ የሚደውልለት ሰው ትዝ አለው።

የመጨረሻው ቀን ደብዳቤው ተሰጣት። እዚያው ቆማ ሦስት ጊዜ አነበበችው፤ የትምህርት ክፍሏ ስም ተሳስቶ ስላገኘችው እንደገና አስጻፈችው።

«ቀጥዪ እንጂ፣ ምን ያስቸኩልሻል?» አላት ኢንጂነሩ።

«በደሞዝ?»

«እሱን እናየዋለን።»

«እንግዲያው እስኪያዩት ትምህርቴን ልጨርስ» አለችና አንጋፋዋን ጉንጯን ስማ ተሰናበተች። ሴትዮዋ ስልክ ቁጥሯን ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፋ ሰጠቻት። መርማሪዋም ደረጃው ላይ እንደደረሰች ደወለችበት፤ ቁጥሩ ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ።