ክር የሚበጥሰው ጥርስ

ሰፈሩ ሁሉ «ጥርሰ መቀስ» ይለዋል። ልብስ ሰፊ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ክር የሚበጥሰው በፊት ጥርሱ ነው። ሚስቱ በሕይወት ሳለች መቀስ በገመድ አድርጋ ከስፌት መኪናው አንገት ላይ አሰረችለት። «እጅህ ሥር አይደል? ምን አለ ብትጠቀምበት» ትለው ነበር። እሷ ካረፈች ዓመት ከመንፈቅ ሆናት። መቀሱ እዚያው ተንጠልጥሏል።

ከዚያ ወዲህ አንድ ቦታ አይረጋም። ጥቂት ይሰፋና ይነሳል፤ በር ላይ ቆሞ መንገዱን ያያል፤ ተመልሶ ይቀመጣል። ሰሞኑን ምላሱም እንደ እግሩ ዕረፍት አጣ፤ የፊት ጥርሱን ገፋ እያደረገ ይሞክረዋል። ጥርሱ ይነቃነቃል። ድዱ አብጧል፤ ሲቦርሽ ይደማል።

«ሐኪም ጋ ሂድ አባዬ» አለችው ልጁ።

«ቪታሚን ጀምሬያለሁ።»

«ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ያልከኝ አንተ አይደለህ?»

«እሱ ለቀሚስሽ ቀዳዳ ነው።»

መድኃኒት ቤት ውስጥ ቪታሚን ሲ ለድድ ይረዳል ሲባል ሰምቶ ነው የገዛው። ግን አይውጠውም። በሆድ ዞሮ ድዴ ጋ እስኪደርስ ምን አስጠበቀኝ ብሎ፣ ቀዳዳ ላይ ጨርቅ እንደሚጥፍ፣ ክኒኑን ከከንፈሩና ከድዱ መሃል ይወሽቀዋል። ያቃጥለዋል። ማቃጠሉን መሥራቱ ነው ብሎ ቻለው።

ሐሙስ ዕለት ለቅዳሜ የሚደርስ የሙሽራ ቀሚስ እየሰፋ ክሩን በጥርሱ በጠሰ። የቀሚሱ ነጭ ደረት ላይ ቀይ ነጥብ አረፈች። ልብስ ሰፊ መርፌ ወግቶት ጨርቅ ላይ ሲደማ የገዛ ምራቁን እንትፍ ብሎ ያሸዋል፤ ይለቃል። እሱም እንትፍ አለ። ነጥቧ ሰፋች። ምራቁ ራሱ ደም ነበር።

ያችን የደረት ቁራጭ ፈትቶ አውጥቶ በምትኩ ከነጩ ጨርቅ ሌላ ቀደደ። ከዚያ ኮቱን ደርቦ የሰፈሩ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄደ።

ሐኪሟ ከንፈሩን ገለጥ አድርጋ የሟሟ ክኒን አወጣች። «አባባ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«መጣፊያ።»

«ይሄማ ኮምጣጣ ነው፤ ድድዎን አቆሰለው።»

«ቪታሚኑ ውሸት ነው በይኛ።»

«ውሸትስ አይደለም። ሰውነት ሲጎድለው ድድ ይደማል፣ ቁስሉም ቶሎ አይሽርም። ግን ጥርስ ሥር የተጋገረውን ቆሻሻ ክኒን አይፍቀውም። እርስዎ የቆሸሸ ጨርቅ ይጥፋሉ?»

«መጀመሪያ አጥባለሁ።»

«እኔም ልጠብ ነው። ለመሆኑ ምን ይበላሉ?»

«ዳቦ በሻይ።»

«ሌላስ?»

«ዳቦ በሻይ።»

«ከመቼ ወዲህ?»

«ዓመት ከመንፈቅ።»

ሐኪሟ ቀና ብላ አየችው። ጥርሱን እያጠበች፣ ክኒኑን በውሃ እንዲውጠው፣ ብርቱካንና አትክልት እንዲበላ፣ ድዱን ለማየትም በየሳምንቱ እንዲመለስ ነገረችው።

«ጥርሱ ይተርፋል?»

«ክር ካልበጠሱበት። ቃል ግን አልገባም።»

ዓርብ የቀሚሱን የመጨረሻ ስፌት ጨረሰና እንደ ልማዱ ወደ ክሩ አጎነበሰ። ከንፈሩ ሊነካው ሲል ቆመ። እጁን ወደ መቀሱ ሰደደ። ገመዱ አላጠረም፣ አልረዘመም፤ ጨርቁ ጋ ልክክ ብሎ ደረሰ። ሚስቱ ሳትለካ ነበር ልክ አድርጋ ያሰረችው።

ቆረጠ። ከዚያ ተነስቶ በር ላይ ቆመ፤ ምላሱ ጥርሱን ፈለገ። አሁንም ይነቃነቃል። ኮቱን አነሳና ብርቱካን ሊገዛ ወጣ።