እህቷ ያቆመችበት ገጽ

ሰው የገዛ ድምፁን ከሌላ ሰው አፍ ሲሰማ ምን እንደሚሆን የማያውቅ ካለ እኔ ልንገረው፤ ጉልበቱ ይከዳዋል። እኔን የከዳኝ በጠራራ ፀሐይ፣ ልጆች እንደ ጎመን ዘር በታጨቁበት ክፍል ውስጥ ነው። ጥቁር ሰሌዳውን ባልደገፍ ኖሮ እዚያው ዘፍ እል ነበር።

የተወለድኩት ፍኖተ ሰላም ነው። ደርግ ወድቆ ኢሕአዴግ ከገባ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጣሁና ከቡሬ ወደ ቆላው ወረድ ብሎ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት ተመደብኩ። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው ስለሚጮህ አፋችንን ይዘን ቁጭ እንላለን። ሦስተኛ ክፍልን ከሒሳብ እስከ መዝሙር ብቻዬን አስተምር ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ቀሚሷ አጭር ነው ተብሎ ተወራብኝ። ቁጣዬ ረዥም መሆኑ ሲታወቅ ወሬው ቆመ።

በዚያ አገር ንባብ በዓይን አይደለም የሚገባ፤ በጆሮ ነው። ልጆቹ ከቄስ ትምህርት ቤት ሲመጡ ፊደሉን ከነዜማው ይዘውት ይመጣሉ። አንዱ ዳዊት ሲደግም ጣቱ ከመስመሩ ላይ አይነሣም፤ ገጹን በእጅህ ብትሸፍንበት ግን እሱ ምን ቸገረው፣ ይቀጥላል። እኔም ክፍል ውስጥ እላቸዋለሁ፣ ይሉልኛል። መጽሐፍ እንደ ልብ አልነበረም። አንዱ ቆሞ ሲያነብ ሌላው ሰምቶ ይይዛል፤ ከያዘ አነበበ ይባላል። እስከ ሦስተኛ ክፍል ማንም አይወድቅም የሚል መመሪያ ነበርና ፊደል ሳይለዩ የሚያልፉትን ቤቱ ይቁጠራቸው።

በአንድ ዓመት የሚበላለጡ እህትማማቾች ነበሩ። ትልቋ እኔ ጋ ስትማር ከክፍሉ አንደኛ አንባቢ እሷ ነበረች። ስታነብ አንዱን እግሯን በሌላው ላይ ታሻለች፤ ደግሞ ትሮጣለች፣ ነጥብ አታይ፣ ምን አታይ። «ቀስ በይ! ማን እያባረረሽ ነው?» እያልኩ እጮህባታለሁ። ትስቅና እንደገና ትጀምራለች። ያቺን ልጅ እወዳት ነበር።

ግንቦት ላይ፣ የመጀመሪያው ዝናብ እንደጣለ፣ ወባ ገባ። ልጅቷ ስለ ገበያ የሚናገረውን ምንባብ ቆማ እያነበበች ነበር፤ አንድ ገበሬ አህያውን ጭኖ እህል ሊሸጥ ይሄዳል። «ሸጦ ወደ ቤቱ ሲመለስ» ብላ ጥርሷ ተንቀጫቀጨ። «ቲቸር፣ በረደኝ» አለችኝና ቁጭ አለች። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ወደ ቤት ላክኋት። በሳምንቱ ሞተች። እናቷን ደግሞ ያው ወባ ጥሏት በቃሬዛ ቡሬ ጤና ጣቢያ ተወስዳ ነበር። ልጅቷን እናት በሌለችበት ቀበሯት፤ ለእናትየው የተነገራት በእግሯ መቆም ስትችል ነው።

የቀብሩ ዕለት ያላለቀሰ ሰው ዘግይቶም ቢሆን ደረቱን ደቅቶ፣ ሟቹን በስሙ ጠርቶ ማልቀስ አለበት። እርም ማውጣት እንለዋለን። እርሙን ያላወጣ ሰው ሐዘኑ ሆዱ ውስጥ ይቀመጣል። ያቺ እናት ስትመለስ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ጠበቃት። እሷ ግን አላለቀሰችም። «ዝም በሉ!» አለቻቸው አሉ። ከጓዳ የሚሰማ የልጅ ድምፅ ነበረ። ይህን የሰማሁት ኋላ ነው።

መስከረም ላይ ታናሿ ወደ እኔ ክፍል አለፈች። ሁለተኛ ክፍል ያስተማራት ባልደረባዬ «ድምፅ የሚባል አልፈጠረባትም» ብሎኝ ነበር። የንባቡ ተራ ሲደርሳት ቀስ ብላ ተነሣች። አንዱን እግሯን በሌላው ላይ አሸት አሸት አደረገችው። ከዚያ ጀመረች።

የእህትማማች ድምፅ ይመሳሰላል፣ አውቃለሁ። ይህ ግን መመሳሰል አልነበረም። ያቺው ራሷ ነበረች፤ ያው ሩጫ፣ ያው የትንፋሽ አወሳሰድ። ነጥቡን ዘላ አለፈችና ድንገት ቆመች። አገጯን ቀና አድርጋ በእኔ ድምፅ «ቀስ በይ! ማን እያባረረሽ ነው?» አለች። ከነቁጣዬ፣ ከነጉሮሮዬ መሻከር። ከዚያ ሳቅ አለች፤ የሟቿን ሳቅ ነው የሳቀችው። ሳቋን ጨርሳም ከመስመሩ መጀመሪያ እንደገና ተነሣች።

ከኋላ አንድ ልጅ ሊስቅ ጀምሮ አፉን ያዘ። ጥቁር ሰሌዳውን ተደገፍኩ። እንደምንም ተራምጄ አጠገቧ ስደርስ መጽሐፉ የተገለጠው ሌላ ገጽ ላይ ነው። ሰሌዳው ላይ «ቤት» ብዬ ጻፍኩና «ይህን አንብቢልኝ» አልኳት። ግድግዳ እንደሚያይ ሰው አየችው።

«አላውቀውም» አለች። ይህ የራሷ ድምፅ ነበር፤ ለጥቂት ነው የሰማሁት።

ነገሩን ጠይቄ ደረስኩበት። ትልቋ ማታ ማታ ቤት ውስጥ ትምህርት ቤት ትጫወት ነበር። እሷው ተማሪ፣ እሷው አስተማሪ። ታናሿ ጥግ ይዛ ታዳምጣለች፤ ያ ጆሮ ሁሉን ነገር ከነቁጣው ጠጥቶታል። ቃሬዛው እናቷን ይዞ ከሄደ፣ እህቷም ከሞተች በኋላ የሚያጫውታት ስላልነበረ ያንኑ ጨዋታ ብቻዋን ትጫወተው ነበር፤ እናትየው ስትመለስ ከጓዳ የሰማችው ይህንኑ ነው። ምክንያቱን ማወቄ ግን ፍርሃቱን አልቀነሰልኝም። ሟች ያነበበችውን ሁሉ በየተራው፣ ገጽ በገጽ ልሰማ ነው ማለት ነው።

ለርእሰ መምህሩ ነገርኩት። «ታነባለች አይደል? ምን ቸገረሽ?» አለኝ።

«አታነብም! የምታነብ ሟቿ ናት!»

አማተበና «አንቺ ደግሞ ነገር ታበዣለሽ» ብሎ የቢሮውን በር ዘጋ። የወንድ ልብ!

እናትየው ትመጣ ጀመር። በንባቡ ክፍለ ጊዜ ከመስኮቱ ሥር፣ ከድንጋዩ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች። ሌላ ልጅ ሲያነብ እንዝርቷ ይሽከረከራል። ልጇ ስትነሣ እንዝርቱ ቀጥ ይላል። ፊቷን አይቼዋለሁ፤ ያዘነች ሴት ፊት አልነበረም። ደስታ ነበረው፤ ያስፈራኝም እሱ ነው። ቤት ውስጥም በየማታው ታስነብባታለች ተባለ። ዘመድ አዝማድ እየመጣ ያዳምጥ ነበር፤ እንቁላሉን፣ ማሩን ይዞ። ልጅቷን በእህቷ ስም መጥራት ጀመሩ። አንድ ቀን ጠዋት ስም ስጠራ የራሷን ስም ብል አቤት የሚል ጠፋ። ደግሜ ጠራሁ። አጠገቧ ያለችው ልጅ በክርኗ ጎሰመቻት፤ እሷ ግን ዘወር ብላ የሚጠራውን ሰው ፈለገች። ከዚያን ቀን ወዲህ አብሯት አግዳሚ የሚጋራ አልተገኘም።

ፋሲካ አልፎ ወደ መጽሐፉ መጨረሻ ስንቃረብ ነገሩ ባሰ። እነዚያን ምንባቦች ትልቋ ያጠናቻቸው ወባው ሲጀማምራት ነበር መሰለኝ፣ የታናሿም ድምፅ እዚያ እዚያ ቦታ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ግንባሯን ስዳስሰው ቀዝቃዛ ነው። ትኩሳት የላትም፤ ጥርሷ ግን ይንቀጫቀጫል። ትልቋ ታማ ተኝታም ስትደጋግመው የነበረው፣ ‹ሲመለስ› ላይ ስትደርስ የምታቆመው ያ የገበያ ምንባብ ፊታችን ነው። «ሲመለስ» ከሚለው ቃል ስትደርስ ይህች ልጅ ምን ትሆናለች? ሌት ተቀን የማስበው ይህንኑ ነበር። ከሞተች ልጅ ጋር እስከ ሞቷ ድረስ የሄደ ልጅ ከዚያ ወዲያ ወዴት ይሄዳል?

ምሳ ሰዓት ላይ፣ የጠዋቱ ፈረቃ ወጥቶ የከሰዓቱ ሳይገባ፣ ብቻዋን አስቀራት ጀመር። ሀ ሁ ብዬ ብጀምርላት ያው ዜማው ይዟት ይሄዳል፤ ዓይኗ ከፊደሉ ላይ የለም። ተናደድኩና የፊደል ገበታውን አጠፍኩት። «ዛሬ ጠዋት ምን አደረግሽ?» አልኳት።

መዳፏን አየች። «ጥጃ አሰርኩ።»

ያንኑ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፤ ጥጃ አሰርኩ። «ይህ ያንቺ ነው። እህትሽ አላለችውም፤ እኔም አላልኩትም» አልኩና ስንደዶ ሰጠኋት። እያንዳንዱን ፊደል በስንደዶው ጫፍ እየነካች፣ ወደ ፊትም ወደ ኋላም፣ ከየትም አስነሥቼ አስጠራኋት። በማግስቱ «ወተት ደፋሁ» አለችኝ። «ተቆጡሽ?» ብላት «አዎ» አለችና ራሷ ሳቀች። ይህ ሳቅ አዲስ ነበር፤ ትንሽ በአፍንጫዋ ይወጣል። ልጅት ውስጥ ሰው አለ እንዴ ብዬ ልቤ ሞቀ።

ደስታዬ አልከረመም። አንድ ጠዋት እናትየው ከመስኮቱ ሥር አልተቀመጠችም፤ በር ላይ ጠበቀችኝ።

«ደኅና አደሩ መምህርት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ደኅና አደሩ እናቴ?»

«ምን ደኅና አለ? ትናንት ማታ እያነበበች መሃሉ ላይ ተደናቀፈች። አንዱን ፊደል በጣቷ ይዛ ‹ይህን አውቀዋለሁ› አለች፣ በሌላ ድምፅ። ልጄን እየወሰዱብኝ ነው። አፈር ስሆን፣ ልጄን አይንኩብኝ።»

እኔ ደግሞ አፌ አያርፍ። «የትኛዋን ልጅዎን?» አልኳት።

እንደ መታኋት ሁሉ ወደ ኋላ አለች። ነጠላዋን ሰብስባ መሬት መሬት ስታይ ቆየች። ድምፅዋ ሲወጣ አንቱታው ቀርቶ ነበር።

«የኔ ልጅ፣ አንቺ አልወለድሽም፤ አይፈረድብሽም። አፈር ስትገባ አላየኋትም። አፈሩን ላልብስሽ ሳልላት፣ ስሟን ሳልጠራ። በየማታው የምሰማትን ልጅ ሞተች ብዬ እንዴት ላልቅስ? ከዚያች ከገበያዋ ገጽ አትለፊብኝ። ከፊተኛው ጀምረሽ ድገሚላቸው። ምን ይጎዳሻል?»

«ታናሿስ?»

«እሷማ አለች።»

«የታለች እናቴ? የት አለች? ስሟን ስጠራት አቤት አትልም እኮ!»

ፊቷን አዙራ ሄደች። እያለቀሰች የሄደች መስሎኝ ነበር፤ ዓይኗ ግን ደረቅ ነበር። ያን ቀን ላማክረው ብዬ በርእሰ መምህሩ በር ላይ ሁለት ጊዜ አለፍኩ፤ አልገባሁም። ቀላሉ ነገር መድገም ነበር፤ ማንም አይጠይቀኝም። እውነቱን ለመናገር ያችን ልጅ ዳግመኛ መስማት እኔም ሳልፈልግ አልቀረሁም፤ የሚያሳፍርም ነገር የለውም፣ እወዳት ነበር። ግን የምሳ ሰዓቷ ልጅ ስንደዶዋን ይዛ ትጠብቀኝ ነበር።

የገበያውን ምንባብ ገለጥን። እናትየው ከመስኮቱ ሥር ናት። ልጅቷ ተነሣች፤ እግሯን በእግሯ ላይ አሸች። «አንድ ገበሬ አህያውን ጭኖ» ብላ በእህቷ ድምፅ ነጎደች። «እህሉን ሸጦ ወደ ቤቱ ሲመለስ» አለች። ጥርሷ ተንቀጫቀጨ። ከዚያ ዝም።

ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ነው፤ ድምፅ የለም። እንዝርቱ ከመስኮቱ ውጭ ድንጋዩ ላይ ወድቆ ሲንከባለል ሰማሁ። በረደኝ ብላ ትቀመጣለች ብዬ ጠበቅሁ። ሄጄ ልይዛት ፈለግሁ፤ አልሄድኩም።

ጣቷን ከመጽሐፉ ላይ አሳረፈች። ዓይኗ ጣቷን ተከተለ።

«ጨ…» አለች። ቀጭን፣ የተሰነጠቀ፣ በአፍንጫዋ የሚወጣ ድምፅ። «ጨ… ው። ጨው። ገ… ዝ… ቶ። ጨው ገዝቶ።» ቀና ብላ አየችኝ። «መጣ» አለች። «ጨው ገዝቶ መጣ።»

ያኔ ከውጭ ያ ጩኸት ተነሣ። እንዲህ ያለ ጩኸት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። እናትየው ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ደረቷን እየደቃች፣ የትልቋን ልጇን ስም ትጠራ ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ ሆዷ የያዘው ሁሉ ነው የወጣው። ልጆቹ ወደ በሩ ተንጋጉ። ከእርሻው ላይ ገበሬዎች ሞፈራቸውን ጥለው፣ ዱላቸውን ይዘው እየሮጡ መጡ። ሰው የሞተ መስሏቸዋል።

«ምነው? ማን ሞቶ ነው?» አሉ፣ እያለከለኩ።

መመለስ የነበረብኝ እኔ መምህሯ ነበርኩ። ልጅቷ ጣቷን ገጿ ውስጥ እንዳደረገች በመካከላችን አልፋ በሩ ላይ ቆመች።

«እህቴ» አለች፣ በራሷ ድምፅ።

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ ጋቢውን አዘቅዝቆ ለበሰና ከእናትየው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተቀመጡ።