ቅዳሜ ምሳ ፌርፋክስ ላይ

ፒኮ መንገድ ዳር በከሰል የሚጠበስ ሥጋና የተቆረጠ ሎሚ ሽታ ዛሬም ወዲያው የስምንት ዓመት ልጅ ያደርገኛል። ያኔ ከእናቴ ጋር ሎስ አንጀለስ ከገባን ገና ሦስት ወራችን ነበር። አባቴ ቀድሞን የመጣው እኔ የሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው፤ ስለዚህ ፊቱን የማውቀው በፎቶ፣ ድምፁን በስልክ ነበር። ኤርፖርት ሲቀበለን ከፎቶው አጠር ብሎ፣ ጸጉሩም ሳስቶ አገኘሁት። አቅፎ ሲያነሳኝ እንደ ባዕድ ሰው ደረቅ ብዬ ቀረሁ።

ከዚያ በኋላ ምን ብዬ እንደምጠራው ጨነቀኝ። ልጆች አባታቸውን የሚጠሩበት ስም ሁሉ አፌ ላይ አልመጣ አለ። የሆነ ነገር ስፈልግ አጠገቡ ሄጄ እቆምና ዞር ብሎ እስኪያየኝ እጠብቃለሁ። እናቴ ይህን ስታይ ትቆጣኝ ነበር። እሱ ግን "ተያት፣ በራሷ ጊዜ ትምጣ" ይላታል።

እናቴ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ሥራ ስታገኝ ቅዳሜ ቅዳሜ መግባት ጀመረች። እኔና እሱ ብቻችንን ቀረን። አባቴ ታክሲ ነጂ ነበር። ምግብ መሥራት አይሆንለትም፤ የት ምን እንደሚበላ ግን ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። እኔን እንደ ተሳፋሪ ኋላ ወንበር ላይ አስቀምጦ ከተማውን ያዞረኛል። ክሬንሾው ሰፈር ወስዶ ዱቄት ተነስንሶበት የተጠበሰ ዓሣ አስቀረበልኝ፤ እኔ ድንቹን ብቻ በላሁ። ሚራክል ማይል፣ ሙዚየሞቹ ፊት ለፊት ከሚቆሙት የምግብ መኪኖች የኮሪያ ሥጋ በሩዝ ገዛልኝ፤ ሩዙን ብቻ ጨረስኩ። ፒኮ ላይ በቂጣ የተጠቀለለ ሥጋ፣ ታኮ፣ ይዞልኝ መጣ፤ ሎሚውን መጥጬ ታኮውን መለስኩለት። አንድም ቀን አልተቆጣኝም። "ኦኬ፣ ይሄም አልሆነም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ እንሞክራለን" ይልና የተረፈኝን ራሱ ይጨርሰዋል። ያን ሰሞን ሆዱ ገፍቶ የሸሚዙ ቁልፎች አልገጥም አሉ።

ሳልግደረደር የምበላው ፌርፋክስ፣ እትዬ አስካለ ምግብ ቤት ብቻ ነበር። አባቴ ብቻውን በኖረባቸው ዓመታት ሁሉ ምሳውን የበላው እሳቸው ጋ ነው። ጥብሱ በሸክላ እየተንጫጫ ሲመጣ፣ የቃሪያውና የሮዝመሪው ሽታ አፍንጫዬን ሲሞላው ኩርፊያዬን እረሳለሁ። ቢሆንም እዚያም የምንበላው ዝም ብለን ነበር።

አንድ ቅዳሜ መንገዱ ግጥም ብሎ ሞልቶ ጠበቀን። ሦስት ጊዜ ብንዞር መኪና ማቆሚያ አጣን። አባቴ መሐል መንገድ ላይ ቆም አለና "አንቺ ግቢና እትዬ አስካለ ጋ ቁጭ በዪ፤ እኔ ፓርክ አድርጌ መጣሁ" አለኝ። ከኋላ መኪናዎቹ ጥሩምባ ሲነፉበት እኔም ተጣድፌ ወረድኩ። እዚያ ሰፈር የሐበሻ ምግብ ቤቶቹ በሮች ጎን ለጎን ናቸው። አንዱን ገፋ አድርጌ ገባሁና ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ።

ብዙ ቆየሁ። ሹሩባ የተሠራች አስተናጋጅ መጥታ ከማን ጋር እንደመጣሁ ጠየቀችኝ። "ከሱ ጋር" አልኳት። ከማን ጋር ስትለኝ በጣቴ ወደ መንገዱ አመለከትኩ። ግራ ገብቷት ስታየኝ እኔም ዙሪያዬን አየሁ። የጠረጴዛው ጨርቅ ሌላ፣ ግድግዳው ላይ ያሉት ሥዕሎችም ሌላ ነበሩ። የገባሁት ሌላ ሰው ቤት ነው።

እሱ ደግሞ፣ በኋላ እንደነገረኝ፣ ቦታ አጥቶ መኪናውን ራቅ ያለው ፒኮ ሮበርትሰን ሰፈር ድረስ ወስዶ ነው ያቆመው። በእግሩ ተመልሶ እትዬ አስካለ ቤት ሲገባ ልጅቷን ያየ የለም። እሳቸውም ደንግጠው ከነሽርጣቸው ወጡ፤ እሱም ወደ ማዶ ተሻገረ። እኔ ገና ከወንበሬ ሳልነሳ በመስታወቱ በኩል አየሁት። ከመንገዱ ማዶ ነው። አንዱ ሱቅ ይገባል፣ ይወጣል፣ ስሜን ይጣራል። "ህሊና! ህሊና!" ድምፁ ተሰነጣጥቆ ነበር። ከዚያ ወደ ትልቁ መንገድ እየሮጠ መራቅ ጀመረ።

ወደ በሩ ሮጥኩ። መጀመሪያ ስም ሳልጠራ ጮህኩ፤ አልሰማኝም። በስሙ ልጠራው አልችልም። እንደ ሁልጊዜው አጠገቡ ሄጄ እንዳልቆም ደግሞ መሐላችን መንገድ ነበር።

"አባዬ!" አልኩ።

በማዶው የእግረኛ መንገድ ላይ ሦስት ወንዶች ዞር አሉ። ከሁሉም ዘግይቶ የዞረው አባቴ ነበር። እዚህ አገር ከመጣ ወዲህ ማንም እንደዚያ ብሎ ጠርቶት አያውቅማ።

ተሻግሮ መጥቶ ፊቴ ቁጢጥ አለ። ሁለት እጆቼንም ያዘ። ያን ሁሉ ሮጦ ደክሞት ስለነበር ይዞኝ ከመሄድ ይልቅ እዚያው እኔ የተቀመጥኩበት ቤት ገብቶ ዘፍ አለ። አስተናጋጇ ውሃ አመጣችለት። ምንም ሳያዝዝ መቀመጡ አሳፍሮት ጥብስ አዘዘ፤ ግን መጉረስ አልቻለም። እኔ ሸክላውን ወደ እሱ ገፋ አደረግኩለት። ያኔ አንድ ጎረሰ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ተያይዘን በላን።

እትዬ አስካለ እኔን ፍለጋ በየበሩ ሲያንኳኩ ቆይተው በመጨረሻ ደረሱብን። ጎረቤታቸው ቤት ተቀምጠን ስንበላ ሲያዩን እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ።

"እኔ እዚህ ነፍሴ ሊወጣ ነው፤ አንተ ምሳ ቤት ቀየርክ?" አሉት።

አባቴ ሳቀ። ድምፁን ለቆ ሲስቅ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር። ከእሳቸው ጋር ለመታረቅ ተነስተን ሄድን፤ እዚያም ሁለተኛ ምሳ በላን። ከዚያን ቀን ወዲህ ቅዳሜ ምሳችን እሳቸው ጋ፣ ሻያችን ባለሹሩባዋ ጋ ሆነ።

ዛሬ እትዬ አስካለ ቤቱን ሸጠው ቬጋስ ልጃቸው ጋ ገብተዋል። አባቴም ታክሲውን ከተወ ቆየ፤ አሁን ድራይቭ የማደርገው እኔ ነኝ፣ እሱ ጎኔ ይቀመጣል። ዓሣውንም፣ ታኮውንም፣ የኮሪያውንም ሥጋ ዛሬ ከእሱ እሻማለሁ። ባለፈው አንድ ምግብ ቤት እየበላን ሳለ፣ ያን ሁሉ ነገር እምቢ ስለው ለምን ቤት ፓስታ ቀቅሎ እንዳላበላኝ ጠየቅኩት።

"ቤት ስንሆን ዝምታው ይከብደኝ ነበር" አለኝ። "ምግብ ቤት ግን ሌላው ሰው ያወራል። እኔና አንቺም የምናወራ ይመስለኝ ነበር።"

ሳህኔን ወደ እሱ ገፋ አደረግኩለት። እሱም ወዲያው ወደ ሌላ ወሬ ገባ፤ እኔም ተከተልኩት። አስተናጋጇ ሌላ የምንጨምረው ካለ ልትጠይቀን መጣች። ወሬያችንን አቋርጣ መግባት ስላልቻለች ትንሽ ቆማ ጠበቀችና፣ ፈገግ ብላ ቆይታ እንደምትመለስ በእጇ አሳየችን።