ከመመገቢያ አዳራሹ ጎን ያለው ቤት

ሮበርትሰን ከተማ ውስጥ ሲና አፖሊስን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት የተወለደ ነው፣ ወይ መስኮቱ መጋረጃ የለውም። የከተማውን መስኮት ሁሉ ሰፍታ ያለበሰችው እሷ ናት። ባሏ ፍሪክ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ወይን ከእርሻ ወደ መጥመቂያው በከባድ መኪና ሲያመላልስ ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጣ የቀረው ሙያ ወንበር ላይ ተቀምጦ «ማሚ፣ ምሳ ደረሰ?» ማለት ብቻ ነው። እንቁላል ቀቅል ቢሉት ውሃውን ያሳርራል።

የወይኑ ለቀማ እንዳለቀ የልብ ሐኪሙ ሲናን ለብቻዋ አስቀምጦ፣ የሚመጣውን የገና በዓል ማየቷን እንደሚጠራጠር ነገራት። አመስግናው ወጣች። ለፍሪክ «ግፊት ነው፣ ጨው ቀንሺ አሉኝ» አለችው።

በሳምንቱ፣ የደጃፋችን ደረጃ ጉልበቴን ጨረሰው ብላ፣ ቤታችንን ሸጠን ከተማው ዳር ያለው የጡረተኞች መንደር እንግባ አለች። እዚያ ቤት ይገዛል እንጂ ልጅ አይወርሰውም። ባልና ሚስት አብረው ይኖሩበታል፣ አንዱ ሲሞት የቀረው ይኖርበታል፣ ከዚያ ለመንደሩ ይመለሳል። ሲናን የሳባት «የቀረው» የሚለው ቃል ነበር።

ሊያዩ የሄዱ ዕለት ባዶ የነበሩት ሁለት ቤቶች ናቸው። አንደኛው ከመንገዱ መጨረሻ፣ ሰፊ በረንዳ ያለው፣ ተራራው ፊት ለፊቱ የተገተረ። ሌላኛው ከመመገቢያ አዳራሹ ጎን፤ መስኮቱ የወጥ ቤቱን ግድግዳ ያያል፣ ከጠዋት ጀምሮ የተቀቀለ ጥቅል ጎመን ይሸታል።

«ታኒ ሲና፣ የቱን ወደዱት?» አለች ቤቶቹን የምታሳየው ሊያንካ፤ «ታኒ» በአገሩ ወግ እትዬ እንደማለት ነው።

«ይሄንን» አለች ሲና፣ ጎመን የሚሸተውን።

ፍሪክ ኮፍያውን አወለቀ። «ማሚ፣ ሐኪሙ ዓይንሽንም አይቶታል? ተራራ ትተሽ ግድግዳ?»

«ተራራ አይበላም።»

«ይሄ ሽታስ ይበላል?»

«ለጉልበቴ ነው። አዳራሹ ቅርብ ነው።»

«የቱ ጉልበት? እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን እኔን ጥለሽ በሩጫ የምትገቢው?»

ሲና ቧንቧውን አያለሁ ብላ ገብታ ከፈተችው። ቧንቧው ምንም አልሆነም። እሷ በሐሳቧ የምታየው ዝናብ የሚጥልበትን ጠዋት ነበር፤ ፍሪክ በነጠላ ጫማ፣ ርቦት። ቤቱ ሩቅ ከሆነ በዳቦ ብቻ ይውላል። እዚህ ግን መጋረጃው ሳይከፈት ካረፈደ፣ ከወጥ ቤቱ ጭልፋ የያዘች አንዲት ሴት ታየዋለች፤ ታንኳኳለች።

በክፍቱ መስኮት የሽማግሌ ድምፅ ሰማች። የጎረቤቱ ቤት ሰውዬ፣ ጋሼ ለማለት «ኦም ጋርት» የሚሉት፣ ምርኩዙን እየጎተተ መጥቶ ኖሯል።

«እንኳን ደህና መጣህ ወንድሜ! እግዚአብሔር ያጥናህ። መቼ አረፈች?»

«ማን?»

«ባለቤትህ ናታ።»

«ባለቤቴ ውስጥ ናት። ቧንቧ እያየች።»

«ውይ፣ ይቅር በለኝ! ይሄ መስመር እኮ ሚስት የሞተችብን ነን ያለንበት። እኔ፣ ቀጥሎ ፒት፣ ከሱ ቀጥሎ ያ ደንቆሮው። አብስሎ መብላት የማይሆንለት ሁሉ እዚህ ነው። ሚስቱ ያለችማ ይሄን ጎመን ምን ሲል ያሸታል?»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ሲና ቧንቧውን ዘጋች።

ፍሪክ ገብቶ በሩ ላይ ቆመ። «ሐኪሙ ምን አለሽ?»

«ነገርኩህ እኮ፣ ጨው…»

«ሲና።»

ልጆች ከተወለዱ ወዲህ በስሟ ጠርቷት አያውቅም። ነገረችው።

ፍሪክ በመስኮቱ የወጥ ቤቱን ግድግዳ አየ። «አንቺ የመረጥሽው የሌለሽበትን ቤት ነው» አለ። «እኔ ያለሽበትን ነው የምፈልገው።»

«ከዚያ በኋላስ? ማን ያበላሃል?»

«እግር አለኝ። ምሳዬን ፍለጋ እመጣለኋ። ሌላ ምን ሥራ ይኖረኛል?»

«ሲዘንብስ?»

«እረጥባለሁ።»

ልትከራከረው አፏን ከፈተች፤ ክርክር ሞልቷት ነበር፤ እንባ ቀደማት።

«የመንገዱ መጨረሻ ያለውን ነው» አለ ፍሪክ ለሊያንካ፣ ሲና ሳትናገር ቀድሞ።

ቤቱን እንደገና ሊያዩ በመንገዱ ተመለሱ። እኩሌታው ላይ ሲና ትንፋሽ አጠራትና ቆመች። ፍሪክ የሰው አጥር ሥር ያለ ጽጌረዳ አየሁ ብሎ ጎንበስ አለ። ጽጌረዳ የሚወድ ሰው አልነበረም። ትንፋሿ እስኪመለስ ድረስ አበቦቹን አንድ በአንድ አያቸው።