ኖራ ያልነካው ግማሽ

ረዳት ፕሮፌሰር የሆንሁት በአንዲት ባልቴት ድንች ነው። ዙሪያ ጥምጥም ስለማልወድ ከዚሁ ልጀምር።

ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ሌክቸረር ሆኜ ስቀጠር፣ በጆርናል አንድ ጽሑፍ ካላሳተምህ እድገት የለም፣ ያለ እድገት ደግሞ ለዶክትሬት የሚልክህ የለም ተባልሁ። ሮብ ገበያ አካባቢ አፈሩ አሲዳማ ነው፤ ኖራ ይፈልጋል። ባላቸው የሞተባቸው አንዲት እናት ከቤታቸው ጀርባ ያለውን ማሳ ለሙከራ ሰጡኝ። አራሽ ቀጥሬ አሳረስሁ። ግማሹ ላይ ኖራ በተንሁና ሁሉንም ድንች አስተከልሁ። ሌላውን ግማሽ ለማነጻጸሪያ ስለምፈልገው ኖራም ፍግም እንዳይነካው አጥብቄ ነገርኋቸው።

«ይሄኛው ምን በደለ?» አሉኝ።

ሳቅሁባቸው።

ድንቹ ሊቆፈር ሲል ብሄድ ያ የተከለከለው ግማሽ ከወዲያኛው እኩል ፋፍቷል። ለካ ሴትዮዋ ማለዳ ማለዳ ፍግና አመድ ሲያመላልሱለት ከርመዋል። «አንዱን እያበላሁ አንዱን ማስራብ አላስችል አለኝ፣ ልጄ» አሉ። ደሜ ፈላ። እናቴን የሚያህሉ ሴት፣ በራቸው ላይ ቆሜ፣ «እድገቴን ገደል ከተቱት!» ብዬ ጮህሁባቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ስነግረው ቀና ብሎም አላየኝ። «ኖራ ያልነካውን ምርት ቁጥሩን ዝቅ አድርገው። ሮብ ገበያ ድረስ ማን ሄዶ ያያል?» አለ። ዝቅ አደረግሁት። እሱም ስሙን ከስሜ አስቀድሞ አስገባ፤ ጽሑፉ ወጣ።

ለእድገቱ የቀረኝ የማኅበረሰብ አገልግሎት ነጥብ ነበር፤ ውጤቱን ለገበሬው ተናግሮ ከቀበሌው ማህተም ያለበት ደብዳቤ ማምጣት። ገበሬው ተሰበሰበ። ኖራ ያልነካው ግማሽ ምንም አልሰጠም ብዬ ተናገርሁ። ለከርሞ የሴትዮዋን ማሳ በራሱ በሬ አርሶ ምርቱን እኩል ሊካፈል የተስማማ ሰው ከወዲያ ማዶ መጥቶ ተቀምጦ ነበር። ወደ እሳቸው ዞረና «እውነት ነው?» አላቸው።

ያን ድንች በገዛ እጃቸው ቆፍረው ያወጡት እሳቸው ናቸው። እኔን አዩኝ። አንገቴን ደፋሁ።

«እውነቱን ነው፤ ምንም አልሰጠኝ» አሉ።

«እንግዲያ በሬዬን በከንቱ አላደክምም፤ የኖራውን ብቻ ነው የማርሰው» አለ ሰውዬው። እኔ ማህተሜን አስመትቼ ወጣሁ።

በክረምቱ የእድገት ደብዳቤዬ ደረሰኝና ወደ ሴትዮዋ ሄድሁ። ይቅርታ ልጠይቅ ነው የሄድሁት ብል ውሸት ነው፤ ለምን እንደሄድሁ እንጃ። ኖራ ያልነካውን ግማሽ አረም ውጦታል። በእኛ አገር ሴት በሬ አትጠምድም። ሴትዮዋ ጎንበስ ብለው ጥጉን በዶማ እየቆፈሩ ነበር።

«እድገቱን ሰጡህ?» አሉኝ።

«ሰጡኝ።»

«እሰይ፣ ልጄ» አሉና ወደ ቁፋሯቸው ተመለሱ።